ለመስቀል ትመለሳለህ የተባለው ልጅ

ሽሮሜዳ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሰራ ጥቅምት ላይ አንድ ሸማኔ 11 ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዞ መጣ፣ አጎቱ ነኝ አለ። ልጁ አይበላም አይተኛም፣ ሆዴን ራሴን ይላል፣ ክር ሲያጠነጥን ፈዞ ይቀራል፣ እንጦጦ ኪዳነ ምህረት ፀበልም ወስጄዋለሁ አለኝ። ታይፎይዱም ታይፈሱም ሰገራውም ታየ ምንም የለም። ባልደረባዬ ማታ ማታ የድብርት መድኃኒቱን አሚትሪፕቲሊን እንስጠውና ይተኛ ሲል ቆይ አልኩት፣ የአእምሮ ጤና ስልጠና ስንወስድ መመሪያው ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የድብርት መድኃኒት እንዳንጀምር በግልፅ ይላል።

ብጠይቀው ዝም። አጎትየው "አማርኛ ይሰማል እኮ" ይላል፣ ግን ከ"እሺ" እና ከ"አመመኝ" ሌላ ምንም አልወጣውም። ጥበቃችን ጋሼ እንደነሱ ጋሞ፣ የጨንቻ ሰው ናቸው፣ ጠራኋቸውና አጎትየውን ውጭ አስቀምጬ ልጁን በጋሞኛ አናገሩት፣ ሰላምታውን ገና ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዛ በኋላማ ወሬው አላቋረጠም።

ለእናቱ "አስተምረዋለሁ፣ ለመስቀል ይዤው እመጣለሁ" ተብሎ ነው የመጣው። መስቀል ለጋሞ ምን እንደሆነ ሽሮሜዳ የኖረ ሰው ያውቃል፣ አመቱን ሙሉ የሚቆጠበው ለዛ ነው፣ ሸማኔው ስራውን ጥሎ አገሩ ይገባል። እሱን ግን ቤት ጠብቅ ብለው ጥለውት ሄዱ፣ ብቻውን ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ አደረ፣ እናቴ ረስታኛለች ብሎ ደመደመ። እንቅልፉ የጠፋው ከዛ ወዲህ ነው።

ልጅ ጨነቀኝ አይልም፣ ሆዴን ነው የሚለው! ስለዚህ ከገጠር የመጣ ልጅ ምርመራው ንፁህ ሲሆን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚያድርና የቤተሰቡን ድምፅ መቼ እንደሰማ ነው፣ አሳዳሪው በሌለበት፣ በቋንቋው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል ግን "የዘመድ ልጅ ነው" ከተባለ ማን ይጠይቃል?

ወረዳው ሴቶችና ህፃናት ጋር ደወልን። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ እሱም በዚያው እድሜ ነው መጥቶ ጉድጓድ የገባው፣ ሲነገረው አንገቱን ደፋ። ባለሙያዋ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራ የገና በዓል ሳይደርስ ራሱ አጎትየው ይዞት ጨንቻ ገባ። እኛም ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ የትኛው ሰራተኛ ጋሞኛ፣ ወላይትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ኦሮምኛ እንደሚችል ፅፈን ለጠፍን፣ ጥበቃና ፅዳት ሰራተኞችም አሉበት።