ኮንክሪቱ ሳይደርቅ የፈረምኩት ርክክብ

ሙዚየም በመገንባትና በማደስ ሥራ የቆየሁ አርክቴክት ነኝ። ይህንን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝን ሰው ስላልሰማሁ ነው።

ንድፉ፣ ጨረታውና የተቋራጭ መረጣው ከሌላ ሕንፃ ብዙ አይለይም። መብራቱም አያስቸግርም፤ ለወረቀትና ለጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ገደማ ይበቃል። የበሩን ስፋት ግን የሚወስነው ጎብኚው ሳይሆን ከነማጓጓዣ ሣጥኑ የሚገባው ትልቁ ቅርስ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ርክክቡ ነው። የቅርስ ማከማቻው ወለል ኮንክሪት ከፈሰሰ ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። በተለመደው ግምት ኮንክሪት በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ወር ገደማ የማድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል፤ የእኛ ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ነበር። ስምንት ወር ማለት ነው፤ በማስታወሻዬ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። አሠሪው መሥሪያ ቤት ግን የምረቃውን ጥሪ በትኖ ጨርሷል። ኃላፊው በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ቆሞ «ታዲያ ምን ቀረ?» አለኝ። ፈረምኩ።

ጥንታዊ መጻሕፍቱ ገቡ። በአምስተኛው ሳምንት በሩን ስከፍት የታፈነ እርጥበት ሸተተኝ። የአየር እርጥበት መለኪያው 74 በመቶ ያሳያል። በአንዱ መጽሐፍ የቆዳ ሽፋን እጥፋት ውስጥ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ተኝቷል። ጣቴን ስዘረጋ የቅርስ ጥገና ባለሙያዋ «አይንኩት፤ ትንፋሽዎ እንኳ ይበትነዋል» አለችኝ። ይህ እንደሚደርስ ከወራት በፊት በስብሰባ ላይ ተናግራ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «አስተያየቱ ተመዝግቧል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውሉ «ሥራው ሲጠናቀቅ ርክክብ ይፈጸማል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማከማቻው ባዶውን፣ መለኪያ ተተክሎበት፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሳይዋዥቅ ወራት ካልቆየ አንድም ቅርስ አይግባበት። «ማሽኑ ያደርቀዋል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ወለሉ ውስጥ ውኃ እያለ መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ እርጥበቱ ተመልሶ ይወጣል። የጥገና ባለሙያውንም የመጀመሪያው ንድፍ ሲሠራ ጥሩት፤ የቅርስ ማሳያው መስታወት ሣጥን ከተገጠመ በኋላ መጥራት ዋጋ የለውም።

ሻጋታው በወራት ሥራ ጸዳ። የአንዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ የማድረቂያውን ጊዜ በመርሐ ግብሩ ላይ ራሱን ችሎ አሰፍራለሁ። በቅርቡ ስድስት ወር ጠይቄ ሁለት ሊሰጡኝ ፈለጉ። አልፈረምኩም።