እማ «ወፍጮ» ያለችው ፋን

እናቴ ባለፈው ኅዳር ባለቤቴን ልታርስ ከባህር ዳር መጥታ እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እኛ ጋ ገባች። ያስተኛናት ልክ ከቤዝመንቱ በላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ውስጥ ነው። በነጋታው ጠዋት ቡና እየቆላች «አንተ፣ እዚህ አገር ወፍጮ ሌሊት ነው እንዴ የሚሠራው?» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሷ ግን አልቀለደችም፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም።

ወፍጮው የኔ ነው። ቤዝመንት ውስጥ አራት በአራት ጫማ (ፊት) የሆነች ጥቁር ድንኳን አለችኝ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም ምናምን በመብራት የማበቅልባት (ድንኳንና መብራት ስል ሌላ ተክል ትዝ ያላችሁ ልጆች ራሳችሁን ታውቃላችሁ)። ሰመር ላይ ጓሮ ነው የሚያድጉት፣ ግን እዚህ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ በሶብላው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል፣ ኮሰረትማ ገና ብርዱን ሲሰማ ነው የሚያኮርፈው። ከአገር ቤት የሚላከው ደረቁ አለ፣ እሺ፣ ግን ቅቤ ስታነጥሩ እጃችሁ ላይ የተቀነጠሰ ኮሰረት መጨመርና ሁለት ዓመት ፌስታል ውስጥ የከረመ መጨመር አንድ ነው ካላችሁኝ አንግባባም።

ድንኳኗን የገዛሁት ሙሉ ዕቃውን ነው፣ የድንኳኗን የሞቀ አየር ስቦ የሚያወጣ ባለ 6 ኢንች ፋን፣ ሽታ የሚያስቀር ካርበን ፊልተር፣ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ የአሉሚኒየም ዳክት (የአየር ቱቦ)። ፋኑን የላይኛውን ወለል ከተሸከመው ጣውላ ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት፣ ጠንካራ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደግሞ ኮርቻለሁ። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩና እማ ትራስ ላይ አስቀመጥኩት፣ 44 ዴሲቤል አለ። የስልክ መለኪያ ልኩን ይናገራል ማለቴ አይደለም፣ ግን ዛሬንና ነገን ለማወዳደር ይበቃል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ጅልነት ነበር፣ ልንገራችሁና ሳቁ። ፋኑን የጣውላ ሳጥን ሠርቼ ከተትኩት፣ ውስጡን በፍራሽ ስፖንጅ ለበጥኩት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጋቢ አለበስኩት። መለኪያው 43። ለካ ስፖንጅ ቀጭኗን ፉጨት ትንሽ ይውጣት እንጂ ድምፅ እንዳያልፍ አያግድም፣ የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር ነው፣ ወፍራም ጣውላ፣ ጂፕሰም እንደዚህ ዓይነት፣ እሱም ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ። ሞተሩ ደግሞ ታፍኖ ጋለ። እማ ወርዳ ጋቢውን ስታየው የራሷ ነው፣ ከባህር ዳር ይዛው የመጣችው፣ «ጋቢዬን ለማሽን!» ብላ ገፍፋው ሄደች። እውነቷን ነው፣ የሚሞቅ ሞተር ላይ ጨርቅ መጠቅለል እሳት መጥራት ነው፣ አታድርጉት።

ከዛ ቁጭ ብዬ ድምፁ ራሱ በየት በኩል ነው ወደ እማ የሚሄደው ብዬ ሳስብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ጆሮዬን ፋኑ ጋ ሳደርግ ንፋስ ነው የምሰማው፣ ላይ እማ ክፍል ግን የሚሰማው ሁምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ነው፣ እግር ሥር የሚሰማ ዓይነት። ያ በአየር አይደለም የሚሄደው፣ በጣውላው ነው። እኔ ፋኑን ከወለሉ ጋር በብሎን ሳስረው ወለሉን በሙሉ ከበሮ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ብሎኑን ፈታሁና ጫፉ ላይ መንጠቆ ባለው የላስቲክ ገመድ አራት ቦታ አንጠለጠልኩት፣ የትም ምንም እንዳይነካ አድርጌ። ዘጠኝ ዶላር! መለኪያው 38 ሆነ፣ ያቺ ሁምምም ደግሞ ጭራሽ ጠፋች። ከሁሉም በፊት ይሄን አድርጉ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት። ገመዱ እያረጀ ስለሚላላ ግን አንድ የማይበጠስ ገመድ ለጥንቃቄ ላላ አድርጋችሁ አብራችሁ እሰሩ፣ ፋን ከነነፍሱ ተክል ላይ ሲወድቅ ማየት አትፈልጉም።

ቀጥሎ ስፒዱ። ድንኳኗ ውስጥ ያለው አየር 104 ኪዩቢክ ፊት ነው፣ ፋኑ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠቀም በደቂቃ 400 ይስባል፣ በየደቂቃው አራት ጊዜ አየር መቀየር፣ ለማን ብሎ? መብራቴ 200 ዋት ኤልኢዲ ነው፣ የሱን ሙቀት አውጥቶ ድንኳኗ ከክፍሉ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት ብቻ እንድትበልጥ ለማድረግ በደቂቃ 65 ኪዩቢክ ፊት አካባቢ ይበቃል። እና ስፒድ መቀነስ ጥቅሙ እንዲሁ ቀላል አይደለም፣ ፋን ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ አየሩ በግማሽ ነው የሚቀንሰው፣ ድምፁ ግን ወደ 15 ዴሲቤል ይወርዳል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ። 10 ዴሲቤል ሲወርድ ጆሮ በግማሽ የቀነሰ ነው የሚመስለው፣ እንግዲህ 15ቱን አስቡት። ለዚህ ነው ትልቅ ፋን ገዝቶ ቀስ አድርጎ ማዞር ትንሹን ፋን ከማስጨነቅ የሚሻለው።

ርካሽ ነገር ስለምወድ መጀመሪያ የመብራት ዲመር (መብራት ማደብዘዣ) ገዝቼ ሰካሁ። ፋኑ ቀነሰ፣ ግን ማልቀስ ጀመረ፣ ዝዝዝዝ የሚል፣ ከበፊቱ የባሰ ነርቭ የሚነካ። ዲመሩ የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆራረጠ ነው የሚያሳልፈው፣ የተለመደው፣ በሶኬት ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚዞረው ኤሲ ሞተር ደግሞ ያንን አይወድም፣ ይንጫጫል፣ ይግላልም። በመጨረሻ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ኢሲ ሞተር (ዙሩን በውስጡ ባለ ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር) የሚባለው ዓይነት ፋን ገዛሁ፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር አለው፣ አሁን 4 ላይ ነው የምትሠራው፣ ዝዝዝ የለም። ወደ 130 ዶላር አስወጥቶኛል፣ ያመመኝ እሱ ብቻ ነው።

ፊልተሩን ደግሞ አውጥቼ ጣልኩት። ካርበን ፊልተር ሽታ ለመደበቅ ነው፣ እኔ ደግሞ ሽታውን ልደብቅ አይደለም ልሸተው ነው የተከልኩት! ቤዝመንት ስወርድ በሶብላ በሶብላ ይለኛል፣ እማ ራሷ «አሁን ቤት ቤት ሸተተ» ያለችው በሱ ነው። ፊልተር ሲወጣ ፋኑ የሚታገለው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ በትንሽ ዙር ያንኑ አየር ይስባል። አንድ ክፋት ግን አለው፣ ፊልተሩ በመሳቢያው በኩል የሚወጣውን ድምፅ ያፍን ነበር፣ ሲወጣ የንፋሱ ድምፅ በድንኳኑ ጨርቅ አልፎ ይሰማል። በሱ ፋንታ በፋኑና በድንኳኗ መሃል ሳይለንሰር ገባ፣ ቱቦ ነው፣ ግድግዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ከኋላው ድምፅ የሚመጥ ነገር የታጨቀበት፣ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አየሩን አያስቸግርም።

ዳክቱ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ብዙ ነው። ሳይለጠጥ ተጨማዶ ነበር የገጠምኩት፣ ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ አየሩ በሚወጣበት መስኮት ላይ ደግሞ ጣውላውን የበሳሁት በ4 ኢንች ነው፣ ለምን ብትሉ ቤት ውስጥ የነበረኝ መብሻ እሱ ስለነበር። ከ6 ወደ 4 ኢንች ስትወርዱ የአየሩ መተላለፊያ ከግማሽ በታች ነው የሚሆነው፣ ያፏጭ የነበረውም እዛ ነው። ቀዳዳውን አሰፋሁ፣ ዳክቱን ፋይበርግላስ በለበሰው ቀየርኩት፣ አሳጠርኩት፣ ወጥሬ ዘረጋሁት፣ አንድ ሰፊ እጥፋት ብቻ ቀረችው። የድንኳኗ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተስቦ ሆዷ ተጣብቆ ነበርና ከታች ያሉትን የአየር መግቢያ መስኮቶች ሁለት ጨምሬ ከፈትኩ፣ ፋኑ ወዲያው እፎይ ሲል ይሰማችኋል።

መብራቱን ደግሞ ወደ ቀን አዞርኩት፣ ድሮ ለምን እንደሆነ እንጃ ሌሊት ነበር የሚበራው። አሁን ማታ ሙቀት ስለሌለ ፋኑ ወደ 2 ይወርዳል። ጨርሶ ማጥፋት ግን አይሆንም፣ ቅጠል ሌሊትም እርጥበት ይተነፍሳል፣ አንድ ሳምንት አጥፍቼው የበሶብላዬ አበባ ሻገተብኝ፣ የሚፈለገው ደግሞ አበባው ነው።

እማ ትራስ ላይ አሁን 31 ነው የሚለው፣ ፋኑን ሳጠፋውም 30። ትናንት ማታ ግን ጠራችኝ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ «ስማ፣ ይሄኛውስ?» አለች። ኩሽና ያለው ፍሪጅ ነው።

«ፍሪጁን ደግሞ በላስቲክ አንጠልጥለው» አለችኝ።