«እናቴ ታች ትተኛለች»

አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ሲመጡ የቡኪንጉ ማስታወሻ ይረዝማል። ለሕፃኑ አልጋ፣ ለውሻው ፎጣ፣ ለአያት ደግሞ ታች ያለው ክፍል። ሁሌም ታች ያለው ክፍል።

እኔ የማጸዳው የእንግዳ ቤት እንግሊዝ አገር ኮትስዎልድስ ውስጥ፣ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ከሚባለው መንደር ወጣ ብሎ ያለ ማር የመሰለ የድንጋይ ቤት ነው። 12 ሰው ያስተኛል። አርብ ይገባሉ፣ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ይወጣሉ። አንሶላው የኛ ነው።

የዚያን ሳምንት ማስታወሻ የጻፈችው ልጅየዋ ናት። «እናቴ ታች ትተኛለች። የመታጠቢያ ወንበር ይዘጋጅላት። ደረጃ እንዳትወጣ።» አዘጋጀሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ብቻ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ መስኮቱም የሚያሳየው የቆሻሻ ገንዳዎቹን ነው። ዌብሳይታችን «ምቹ» ይለዋል።

መግቢያው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በ9 መጡ። ሁሉም በ9 ይመጣሉ። ሌሎቹ ሻንጣ ሲያወርዱ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀድመው ገቡ።

«የኔ የትኛው ነው?»

አሳየኋቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩት። አልገቡም።

«ላይስ ምን አለ?»

«ደረጃው ጠባብ ነው» አልኩ። ውሸቴን አይደለም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሁለተኛ መደገፊያ ለመግጠም የካውንስል ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሎ ሳይገጠም ቀርቷል።

«ስለ ደረጃው አልጠየቅኩሽም።»

ወጡ። እኔ እጄን ዘርግቼ ከኋላ። ቢወድቁ የሚወድቁት እኔ ላይ ነው። ትልቁ ክፍል ገቡ፤ ባለ አራት ምሰሶ አልጋ፣ የዊንድረሽ ወንዝን ሸለቆ የሚያይ መስኮት ያለበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ምርኩዙን ጋደም አደረጉት። «እዚህ ነኝ።»

ልጅዎ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር አልኳቸው። መልሳቸው እስካሁን ያስቀኛል።

«ልጄ የጻፈችው ስለ እናቷ ነው። ከፋይዋን ማንም አልጠየቃትም።»

ለካ 80 ዓመታቸው ነው፤ የሁሉንም ወጪ የቻሉት እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ተብሎ ይነሳለታል። እዚያው ቆሜ «ኖር» ልል ምንም አልቀረኝም። (እኛም ብንሆን አያትን ጥሩው ሶፋ ላይ እናስቀምጣለን እንጂ ሪሞቱን አንሰጥም።)

ልጅየዋ መጣች። «እማ! ማን አወጣሽ?» ጥያቄው ለእናቷ ነው፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ። ባልየው ሁለት ሻንጣ ይዞ ደረጃው መሃል ደርሶ ነበር። ወደ ኋላ ተመለሰ።

ቅዳሜ ደወሉና ሄድኩ። ባልየው ቀን ከሌት የሚበራውን አጋ የሚባል የብረት ምድጃ «በርቶ ተረስቷል» ብሎ አጥፍቶታል። አጋ እንደማይጠፋ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፤ የሚያነብ የለም እንጂ። አንዴ ከቀዘቀዘ እስኪሞቅ ሰዓታት ነው። የእሁዱ ጥብስ ወደ መንደሩ ፐብ ተዛወረ። ልጆቹ መንደሩን አንድ ዘጠነኛ አድርጎ የሚያሳየውን ሞዴል ለማየት ወጥተዋል። ሴትዮዋ ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ባልየው ከታችኛው ክፍል አንገቱን እያሸ ወጣና የልብስ ማጠቢያው ሌሊት እንደሚጮህ ነገረኝ። ማጠቢያውን የሚያስነሱት ራሳቸው ናቸው።

ሰኞ ኢሜይል መጣ። «የጽዳት ሠራተኛዋ የክፍል ድልድላችንን አበላሸችብን።» ሥራ አስኪያጄ ጠራኝ።

«ደንበኛችን ቡክ ያደረገችው ናት» አለ።

«የከፈሉት እናትየዋ ናቸው።»

«ሲስተሙ ላይ ያለው አንድ ስም ነው።»

ሰውየው አንድም ቀን አልጋ ሲያነጥፍ አይቼው አላውቅም። ሕግ ማውጣት ላይ ግን ፈጣን ነው። በማግስቱ ቼክሊስታችን ላይ፣ በደማቁ፦ ከእንግዳ ጋር ስለ መኝታ ክፍል መነጋገር ክልክል ነው። ትምህርቱ ይኸው ነው። እኔም ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አያት አለች ከተባለ ትልቁ ክፍል ውስጥም የመታጠቢያ ወንበር አስቀምጣለሁ፣ ለማንም አልናገርም።

በዓመቱ የዚያው ቤተሰብ ቡኪንግ መጣ። ስሙ የእናትየዋ ነው። የማስታወሻው ቦታ ባዶ። ሥራ አስኪያጄ ደወለ።

«የትኛውን ክፍል ነው የሚፈልጉት? አንቺ ታውቂያቸው የለ?»

«ስለ መኝታ ክፍል መነጋገር ክልክል ነው» አልኩት።