የኢኩዊያኖን 10ኛ ምዕራፍ አትዝለሉት

እ.ኤ.አ. በ1789 ለንደን ውስጥ የታተመውን፣ ባሪያ ሆኖ የኖረውን የጥቁሩን ደራሲ የኦላውዳህ ኢኩዊያኖን የሕይወት ታሪክ የሚያነቡ ብዙዎች፣ 7ኛው ምዕራፍ ላይ ነጻነቱን ሲገዛ ታሪኩ ያለቀ ይመስላቸዋል። 10ኛውን ምዕራፍ ደግሞ «ስብከት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን መጽሐፉ የሚፈታው እዚያ ነው እላለሁ።

ለመረዳት ጥምቀቱን፣ የነጻነት ወረቀቱንና እምነቱን ለያይቶ መያዝ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 1759 ዌስትሚንስተር በሚገኘው በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ጌታው የባሕር ኃይል መኮንኑ ማይክል ፓስካል መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ ያግባቡለት የፓስካል ዘመድ ሚስ ጌሪን ናቸው። በ1762 መጨረሻ ፓስካል ለካፒቴን ዶራን ሲሸጠው ኢኩዊያኖ ተከራከረ፦ ደመወዜንና ከተማረኩ መርከቦች የሚደርሰኝን ድርሻ ወስዶብኛል፣ ደግሞም ተጠምቄያለሁና በአገሩ ሕግ ማንም ሊሸጠኝ አይችልም አለ። ሰሚ አላገኘም። የመንግሥት የሕግ ሹማምንት ገና በ1729 ጥምቀት ባሪያን ነጻ አያወጣም የሚል አስተያየት ሰጥተው፣ ንብረታችንን እናጣለን ብለው የሚሰጉትን ጌቶች አረጋግተው ነበር።

ወረቀቱ የመጣው በንግድ ነው። ካሪቢያን ውስጥ ባለው በሞንሴራት ደሴት ላይ ከዶራን የገዛው ሮበርት ኪንግ የተባለ የክዌከር እምነት (የፕሮቴስታንት ወገን ነው) ተከታይ ነጋዴ ነበር። ኢኩዊያኖ በ3 ፔኒ አንድ የመስታወት ብርጭቆ ገዝቶ በ6 ፔኒ ሸጠ፤ እንዲህ እያለ የተገዛበትን 40 ፓውንድ ስተርሊንግ አጠራቀመ። ኪንግ ይህን ያህል ቶሎ ያገኛል ብሎ ስላልጠበቀ አመነታ፤ ኢኩዊያኖ የሚሠራባት መርከብ አዛዥ ካፒቴን ፋርመር ቃሉን እንዲጠብቅ ገፋፋው። ጁላይ 10 ቀን 1766 ወረቀቱ ተፈረመ። ኢኩዊያኖ ደስታውን ሲገልጽ፣ መልአክ ከወኅኒ ያወጣውን ጴጥሮስን ያስታውሳል። ነገር ግን ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስተማምን ቀድሞ አይቷል፦ ነጻ ሆኖ የተወለደው ጆሴፍ ክሊፕሰን ማስረጃውን እያሳየ ከመርከባቸው ተወስዶ ነበር።

በ1774 ደግሞ የባሰ መጣ። አብሮት በመርከብ ያገለግል የነበረውን ወጥ ቤት ጆን አኒስን የቀድሞ ጌታው ለንደን ላይ አስጠለፈው፤ ባሪያን ከእንግሊዝ በግድ ማውጣት አይቻልም ተብሎ በፍርድ ቤት ከተወሰነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ኢኩዊያኖ ጠላፊው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣ፤ እንዳይታወቅም ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ከፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ጋር ወደ ጠላፊው ቤት ሄደ። ጠበቃው ገንዘቡን በልቶ ምንም አልሠራለትም። አኒስ ወደ ካሪቢያኑ ደሴት ወደ ሴንት ኪትስ ተወስዶ ተሰቃይቶ ሞተ።

10ኛው ምዕራፍ የሚነበበው ይህን ይዞ ነው። ኢኩዊያኖ ክዌከሮችን፣ ካቶሊኮችን፣ አይሁድን ሲመረምር ቆይቷል፤ ቱርክ ሄዶ እዚያው ለመኖር እስከ መቁረጥም ደርሶ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1774 ወደ ስፔኑ ወደብ ወደ ካዲዝ በሄደች መርከብ ላይ የሐዋርያት ሥራ 4፥12ን («መዳንም በሌላ በማንም የለም» የሚለውን) ሲያነብ ልቡ ተፈታ። ወረቀቱን ካገኘ ስምንት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ይህን እምነት የባሪያ ማጽናኛ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ሕግም ገንዘብም የሚያደርጉትን አድርገው ሲያበቁ የመጣ የነጻ ሰው እምነት ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ሥዕል ላይ የያዘውም የነጻነት ወረቀቱን ሳይሆን በዚያው ጥቅስ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ባሪያ ነጋዴዎቹን «የስም ክርስቲያኖች» ብሎ የሚገሥጸውም በዚህ ሥልጣን ነው፤ ለራሳችሁ የምትወዱትን ለሰው አድርጉ ያለውን አምላካቸውን ይጠቅስባቸዋል። በ1779 ለአፍሪካ ሚስዮናዊ ሆኖ እንዲሾም ለለንደኑ ጳጳስ አመለከተ፤ አልተፈቀደለትም።