የዛሬ ብጉር፣ ያለፈው ወር ሥራ

ስለ ብጉር ሳስብ ሁሌ የሚደንቀኝ ጊዜው ነው። ዛሬ ጠዋት መስታወት ላይ የታየው ብጉር ከሳምንታት በፊት ከቆዳ ሥር ተጀምሯል። ሆርሞን የቀሰቀሰው ዕጢ ወዝ ያበዛል፤ መርገፍ የነበረበት የሞተ ቆዳ ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እዚያው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ከዚያ እብጠቱና መግሉ ይከተላል። አፍንጫ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየውም እድፍ አይደለም፤ ድፍኑ አየር አግኝቶት ጠቁሮ ነው። በሳሙና ቢፈተግ የሚለቅ ነገር የለውም፤ ቆዳው ግን ይላጣል።

መድኃኒቱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚፈልገው ለዚሁ ነው። ሰው ግን በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ይገዛል።

ጠዋትና ማታ ሽታ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በጣት ብቻ መታጠብ ይበቃል። ጠዋት ባክቴሪያውን የሚገድለው ቅባት፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ 2.5 በመቶው። ባለ 10 በመቶው የሚጨምረው በአብዛኛው ማቃጠልን ነው። (ባለቀለም ፎጣና የትራስ ልብስ ያነጣል፤ ነጭ ፎጣ ይዘጋጅለት።) ማታ ደግሞ ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚረዳው ቅባት፣ አዳፓሊን 0.1 በመቶ፤ አሜሪካ ያሉ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ያገኙታል። የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች፤ ፊቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ሲጀመር አንድ ቀን እያሳለፉ። ብጉሩ አናት ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚቀጥለው ወር ብጉር አሁን ንጹሕ በሚመስለው ቦታ እየተሰናዳ ነውና። ከላዩ ቅባት የሌለው ማለስለሻ ይደረብበታል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች አዳፓሊንን ትተወው።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ አለ፤ ቅቤ። ፀጉር ተቀብቶ በሻሽ ሲታሰር ቅቤው በሰውነት ሙቀት እየቀለጠ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ይወርዳል፤ ሌሊት ትራሱ ይጠጣውና ጉንጭ ይቀባል። ደቃቅ ብጉሮች የፀጉሩን ጠርዝ ተከትለው ከተሰለፉ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቅቤውን ወይም የፀጉር ቅባቱን ነው። ተዉት ማለት ይከብደኛል። ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርጎ መቀባት፣ ግንባርን ወዲያው ማጠብ፣ የትራስ ልብስ መቀየር ብዙ ይለውጣል።

የማልታገሠው «ፊት ያጠራል» ተብሎ የሚቀባውን ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። እብጠቱን ስለሚያበርድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተአምር ይመስላል። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ራሱም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ብጉሮች ያወጣል፤ ሲቆም ደግሞ ብሶ ይመለሳል፤ ሰውም እንደገና ይቀባዋል። ሎሚም ብጉር አያድንም፤ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያጠቁራል።

ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ብጉሩ ከሄደ በኋላ ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ብዙዎች ማድያት ይሉታል፤ ማድያት ግን ሌላ ነው። በጥፍር ማፍረጥ ምልክቱን ያጠልቀዋል፤ ፀሐይም እንዳይለቅ ትይዘዋለች፤ ስለዚህ ጠዋት ቢያንስ 30 ቁጥር ያለው የፀሐይ መከላከያ አይቀርም። ጠቁሮ ለጥ ያለው ምልክት በጊዜ ይለቃል። ጣት ሲያልፍበት ጎድጎድ የሚለው ግን ጠባሳ ነው፤ ያ መታየት ከጀመረ ወይም ብጉሩ እንደ ጠጠር ጠልቆ የሚያም ከሆነ ከፋርማሲ መደርደሪያ ፊት ቆሞ መምረጡን ትቶ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።