ስሟ የተቀየረባትን ወፍ ፍለጋ

ገናሌ ወንዝ ዳር የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው። ዲንሾ አድረናል። ሰነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተን በብርድ ተንቀጥቅጠናል። ሐረና ጫካ ውስጥ ዝናብ አበስብሶናል። ከዶሎ መና በታች ግን ሙቀቱ ሌላ አገር የገባን አስመሰለን። ጋሼ ከመኪናው ወርደው ባይኖኩላራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉና ቀጥ ብለው ወደ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ አመሩ።

ጋሼ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህሬ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወፍ ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ያዩትን ሁሉ የጻፉበት ደብተር አላቸው። ለዚህ ጉዞ ያነሣሣንም ያ ደብተር ነው። በውስጡ ከሰፈሩት ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬ በአዲሶቹ መጽሐፎች ውስጥ የሉም። ስሟ ከተቀየረባቸው አንዷን ሊበን ሜዳ ላይ ለማየት ነው የወጣነው።

ሾላው ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል አንጋጠጥን። ከዚያ ከቅጠሉ መካከል ነጭ ጉትዬ ብቅ አለ። አረንጓዴ ገላ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ። ሲበር ደግሞ ክንፉ ደም መሰለ። የሩስፖሊ ቱራኮ! ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም።

ኢዩጄኒዮ ሩስፖሊ የጣሊያን ልዑል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ከዚያ በፊት የማይታወቅ አንድ ተገኘ። የት እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አልነበረውም። ሳልቫዶሪ የተባለ የአገሩ ሰው በ1896 ወፉን በልዑሉ ስም ጠራው። የአድዋ ዓመት ማለት ነው። የሳይንስ ስሙ የመጀመሪያ ቃል ለረጅም ጊዜ «ታውራኮ» ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ይህና ዘመዱ የሆነው ባለ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ከሌሎቹ ተለይተው «ሜኔሊኮርኒስ» ተባሉ። ኦርኒስ በግሪክ ወፍ ነው። ስለዚህ ወፉ ዛሬ የምኒልክንም የጣሊያኑንም ልዑል ስም አብሮ ይዟል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ። ደብተራቸውን አወጡና ከድሮው ስም ጎን አዲሱን ጻፉ። አሮጌውን አልሰረዙም።

«ለምን አይሰርዙትም?» አልኳቸው።

«ያኔ የጻፍኩት እኮ ስህተት አልነበረም፣ ልጄ» አሉኝ።

ማታ ነጌሌ ገባን። ራት በልተን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አንድ ገጽ ላይ «ደጎዲ ላርክ» ይላል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ላርክ የሚባሉት ቡናማ የሜዳ ወፎች ናቸው። እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ መለየታቸው ያደክማል። ክርስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ከዚህ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው አቅጣጫ የተገኘውን ደጎዲ ላርክ እ.ኤ.አ. በ1975 ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ አሳወቀ። ጋሼ እሱን ለማየት በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን ተጉዘዋል። በኋላ ግን ዘረመሉ ሲመረመር ጊሌት ላርክ ከሚባለው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ተጠቀለለ፣ ማለትም ከእሱ ጋር አንድ ዝርያ ተባለ። ከኢትዮጵያ ብርቅዬዎች ዝርዝርም ወጣ።

በሌላ በኩል ቤት ቁጭ ብሎ የሚገኝ ወፍም አለ። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ዜማ የሚቀባበል ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። በድሮ መጽሐፌ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወፎች ጋር አንድ ዝርያ ነበር። አሁን ተከፍሎ «የኢትዮጵያ ቡቡ» ተብሏል። እኔ ከመስኮቴ ሳልነሣ ያየኋቸው ወፎች ዝርዝር በአንድ ጨመረ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ግን የጋሼን የሁለት ቀን መንገድ ሳስብ ያ ደስታ ቀለለብኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሊበን ሜዳ ነበርን። ከነጌሌ ቅርብ ነው። ሜዳው ግንቦት ላይ አረንጓዴ ነው፣ ግን የጠበቅኩትን ያህል ሰፊ አይደለም። በአንድ በኩል እርሻ ገብቶበታል፣ በሌላ በኩል ቁጥቋጦ በልቶታል። የቀረው ሣር አጭር ነው፣ ከብት ግጦታል። በአጥር የተከለለ ቦታ ላይ ግን ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ቦረናዎች ካሎ ይሉታል። ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚጠበቅ ግጦሽ ነው። የምንፈልጋት ወፍ የምትወደውም ይህንኑ ረጅም ሣር ነው።

ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሣሩ አንድ ትንሽ ወፍ ተነሣ። ወደ ላይ ወጣ፣ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቆመና ዘመረ። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። ጋሼ ባይኖኩላራቸውን ከዓይናቸው አላነሡም። እኔ እጄ ተንቀጥቅጦ ግማሹን አላየሁትም። ሁለተኛ ሲነሣ ግን አገኘሁት። ትልቅ ጭንቅላት፣ አጭር ጅራት። ከአፍሪካ ዋና ምድር መጀመሪያ ሊጠፋ ይችላል ተብሎ የሚፈራለት ወፍ ይህ ነው።

ይህንንም ያሳወቀው ኤራር ነበር፣ በዚያው በ1975፣ ሲዳሞ ላርክ ብሎ። የጋሼ ደብተርም እንዲሁ ይላል። ቆይቶ ሊበን ላርክ ተባለ። ከዚያ ከዚህ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ ጅግጅጋ አካባቢ ተመሳሳይ ወፍ ተገኘ። ተመራማሪዎች ከሶማሊላንድ ተወስደው ሙዚየም ከተቀመጡ አሮጌ ወፎች ጋር አነጻጸሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስቱም አንድ ዝርያ መሆናቸውን አስታወቁ። የሶማሊላንዱ እ.ኤ.አ. በ1920 ስም ወጥቶለት ነበር፤ አርቸር በተባለ የእንግሊዝ አስተዳዳሪ ስም። በሳይንስ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚያሸንፍ የሲዳሞው ስም ወደቀ። ዛሬም አንዱ መጽሐፍ ሊበን ላርክ ሲለው ሌላው አርቸር ላርክ ይለዋል። እኔ ሊበን እላለሁ። ሜዳውን ያየ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም።

አንድ አዛውንት ከብት እየነዱ መጡ። አስጎብኚያችን በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው። ምን እንደምናይ ጠየቁ። ሲነገራቸው ወፏን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቋት፣ ዝናብ ሲመጣ እንደምትዘምር ተናገሩ። የሲዳሞንም የአርቸርንም ስም ሰምተው አያውቁም። ከዚያ በካሎው አጥር ላይ የተከፈተችውን አንዲት ቀዳዳ አይተው ሊደፍኗት ሄዱ።

አንዳንድ ሰው «ስም ቢቀየር ምን ይጎዳል?» ይላል። ይጎዳል። አንድ ወፍ ሲጠቀለል ሩቅ መንገድ የሚያስጉዝ ምክንያት ይቀንሳል፤ ተመልካች ሲቀር አስጎብኚውም ሆቴሉም ይጎዳል። ለዓመታት ዋና ዋናዎቹ የዓለም የወፍ ዝርዝሮች ራሳቸው አይስማሙም ነበር። ሁለት ሰው አንድ ወፍ አይቶ ሁለት ስም ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2025 አቪሊስት የተባለ የጋራ ዝርዝር ወጥቷል፣ 11,131 ዝርያ ይዞ። ተመልካቾች ትልቅ እፎይታ ነው ይላሉ። እኔም እስማማለሁ። መቀየሩ ግን አይቆምም፣ ምርምር እስካለ ድረስ።

ስለዚህ ጋሼ የሚጽፉበትን መንገድ ይዣለሁ። መጀመሪያ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ። ቀጥሎ ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ ድምፁ፣ ሣሩ። ስሙ መጨረሻ ላይ። ወፉ ነገ ቢከፈል የትኛው እንደነበር ከቦታው ይታወቃል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። አዶላን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት።

«የጅግጅጋውን አላየሁትም።»

«አንድ ናቸው ተብሎ የለ?»

«አንድ ናቸው» አሉ። «ግን ዜማው አንድ መሆኑን በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ።»

ለሚቀጥለው ዝናብ ተቀጣጥረናል።