ከፋሲል በፊት የነበረው የአልጋ ሽኩቻ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጎበዝ! ጎንደር ተቀምጠን ታሪክ ስናወራ ሁሌ ከፋሲል ግቢ ነው የምንጀምረው፣ 1636 ላይ ከተማዋ ተቆረቆረች እንልና ወደፊት እንሄዳለን፣ እኔ ግን ሰሞኑን የያዝኩት ከዛ በፊት ያለውን ነው፣ የፋሲል አባት ሱስንዮስ አልጋው ላይ እንዴት ወጣ የሚለውን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው፣ ከዜና መዋዕል ጋር የምታመሳክሩ እንደወሩ ሰባት ወይ ስምንት ቀንሱ።

አፄ ሠርጸ ድንግል 1597 ሞተ። መጀመሪያ አስቦ የነበረው የወንድሙን ልጅ ዘድንግልን ነው፣ ንግሥት ማርያም ስናና መኳንንቱ ግን የንጉሡን ልጅ ያዕቆብን አነገሡ፣ ያዕቆብ ደግሞ ያኔ 7 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከንግሥቲቱም አልተወለደም። ለምን እሱን? ሕፃን ከነገሠ በሞግዚትነት የሚገዙት እነሱ ናቸዋ። ዘድንግልን ወስደው ጣና ላይ ደቅ ደሴት አሰሩት፣ በኋላ አምልጦ ወጣ። ሱስንዮስ ልጅ ሆኖ ኦሮሞዎች ማርከውት አብሯቸው የኖረ ሰው ነው፣ አዋጊነቱንም ጦሩንም ያገኘው ከነሱ ጋር ነው።

አሁን ወረቀት አውጡና የዘር ሐረጉን ሳሉት፣ የኔ ጥናት መስመር የያዘው ከዛ ወዲህ ነው። ከልብነ ድንግል ውረዱ። በልጁ በሚናስ በኩል ሠርጸ ድንግል፣ ከሱ ያዕቆብ። የሚናስ ሌላው ልጅ ልሳነ ክርስቶስ፣ ከሱ ዘድንግል። ደግሞ የልብነ ድንግል ሌላ ልጅ አለ፣ እሱም ያዕቆብ ነው ስሙ፣ እንዳይምታታባችሁ፣ ከሱ አቤቶ ፋሲለደስ፣ ከአቤቶ ፋሲለደስ ሱስንዮስ። ልብ በሉ፣ ልብነ ድንግል ለሦስቱም ቅድመ አያት ነው! በትውልድ ቁጥር አንዱ ካንዱ አይቀርብም። ያዕቆብ የሟቹ ንጉሥ ልጅ መሆኑ ሚዛን ይደፋለት ነበር ትሉ ይሆናል፣ ግን እሱም አላዳነውም።

ታዲያ ማን ወሰነ ካላችሁ እኔ ከመኳንንቱ አንዱ የሆነው ራስ ዘሥላሴ ነው የምለው። ነገሥታቱን ትታችሁ እሱን ተከተሉት፣ ታሪኩ ቁልጭ ይላል። 1603 ላይ ያዕቆብን አውርዶ ወደ እናርያ ያሰድደዋል፣ ዘድንግልን ያመጣል። ዘድንግል ደግሞ ፔድሮ ፓኤዝ ከሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ጋር ተገናኝቶ ወደ ካቶሊክ ሲያደላ ዘሥላሴ ከዳው፣ የዘመኑ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ወታደሩን ከመሐላው ፈታው፣ ዘድንግል ጥቅምት 1604 ባርጫ በሚባል ቦታ ተዋግቶ ሞተ። ከዛ ሱስንዮስ ንጉሥነቴን ተቀበሉ ብሎ ላከ፣ ዘሥላሴ ሲያቅማማ ቆይቶ እሺ አለ፣ ያዕቆብ ከእናርያ እየመጣ ነው ሲባል ግን ወደ ያዕቆብ ዞረ፣ ቆይቶ በሱስንዮስ ተመታ፣ ከያዕቆብም ተጣላ፣ ተመልሶ ሱስንዮስ ጋ ገባ። በመጨረሻ መጋቢት 1607 ጎጃም ውስጥ ጎል በሚባል ቦታ ያዕቆብም አቡነ ጴጥሮስም ከሱስንዮስ ጋር በተደረገ አንድ ውጊያ ሞቱ። ያዕቆብ ያኔ ወደ 17 ዓመቱ ነው። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ ይሄ ልጅ፣ በ7 ዓመቱ ያነገሡት መኳንንቱ፣ ያወረዱት እነሱ፣ መልሰው ያመጡትም እነሱ።

ምንጭ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዜና መዋዕሉ የተጻፈው በሱስንዮስ ቤት ነው፣ ፓኤዝ ዘድንግልን በዓይኑ ያየ ሰው ቢሆንም ኋላ የሱስንዮስ ወዳጅ ሆኗል። ስለዚህ ሁለቱም ያሸነፈው ወገን ናቸው፣ ያዕቆብን የሚያማ ነገር ስታነቡ ቆም በሉ።

ከቦታው ጋር ለማገናኘት ደግሞ እኛ እድለኞች ነን። ሱስንዮስ የተቀበረው እዚሁ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ከሄዳችሁ የዘድንግልም የፋሲለደስም አጽም እዛው ገዳም ነው ያለው፣ ባርጫ ላይ የወደቀው ንጉሥና የሱስንዮስ ልጅ ባንድ ጣራ ስር ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ ጣናን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ቀጥዬ የምገባው ሐሰተኛው ያዕቆብ ላይ ነው። ከጎል ውጊያ በኋላ ደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ አንድ ሰው አልሞትኩም፣ ያዕቆብ ነኝ ብሎ ተነሳ፣ ፊቴን ቆስያለሁ እያለ ግማሹን ይሸፍን ነበር፣ የተከተለውም ሰው ብዙ ነው። ሱስንዮስ አክሱም ሄዶ ዘውድ የጫነበትን ዘመቻ ከዚህ ሰው ጋር አያይዤ እየሠራሁ ነው፣ በዚህ ላይ ያነበበ ካለ ይጻፍልኝ፣ ቻርቱን ስጨርስ ፎቶውን እለቅላችኋለሁ።